ሪትሪቭ ለሰው አይባልም

ሚዛን ተፈሪ ገብቶ «የመምህር ይርዳው ቤት የት ነው?» ብሎ የጠየቀ እንግዳ ቶሎ አይሳካለትም፤ «የቱ ይርዳው?» ይሉታል። «የጋሽ ሪትሪቭ ቤትስ?» ካለ ግን ነገሩ አለቀ። ልብስ ሰፊው መኪናውን አቁሞ፣ የሻይ ቤቷ ባለቤት ከመቀመጫዋ ተነስታ መንገዱን ያሳዩታል። ስሙን ያወጡለት ተማሪዎቹ ናቸው። መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ ቀጥሎ ከኋላው፣ ኋላ ላይ ደግሞ ፊት ለፊት ይጠሩት ጀመር። እሱም የተቆጣ ለመምሰል ግንባሩን ይቋጥርና ዞር ብሎ ይስቃል። ምን ይደበቃል፣ ደስ ይለው ነበር።

«ሪትሪቭ» የእንግሊዝኛ ግስ ነው፤ የጠፋን ወይም ከእጅ የራቀን ነገር ሄዶ አግኝቶ ማምጣት ማለት ነው። በዘጠነኛ ክፍል መጽሐፍ ውስጥ፣ በአንድ ምንባብ መሀል አንዴ ብቅ ብሎ የሚጠፋ፣ ሌላ አስተማሪ ቢሆን «ማምጣት» ብሎ ተርጉሞ የሚያልፈው ቃል ነው። ይርዳው ግን አያልፈውም። ከዚህ ቃል ጋር የቆየ ትውውቅ አለው።

ወጣት ሳለ፣ ከመምህራን ማሠልጠኛ በወጣበት ዓመት፣ ዕጣው ሚዛን ላይ ወደቀ። የደብረ ታቦር ልጅ ነው፤ ሚዛንን ካርታ ላይ እንኳ ያገኛት በመከራ ነበር። እናቱን «ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ» ብሎ ተሰናበታትና መንገድ ጀመረ። ከቦንጋ ወዲህ የተሳፈረበት የጭነት መኪና በጭቃው ሲንገጫገጭ፣ ሻንጣው ሳያየው ጫካው ውስጥ ወድቆ ቀረ። እናቱ የፈተለችው ጋቢ፣ ሸሚዞቹና ገና አዲስ የነበረ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ነበሩበት። አዲሱ አስተማሪ በተውሶ ሸሚዝ ክፍል ገባ። ሻንጣውን ከልቡ ካወጣው በኋላ አንድ ቀን፣ አማርኛ እምብዛም የማይችል የቤንች ገበሬ ሻንጣውን ተሸክሞ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ተገኘ። አስተማሪው ንብረቱ ጠፋበት የሚል ወሬ ገበያ ላይ ሰምቶ፣ ማንም ሳያዘው፣ መንገዱን ተከትሎ ሄዶ፣ ገደል ገደሉን ሲያስስ ከርሞ አግኝቶት ነው። ይርዳው የሚሰጠው ነገር ቢያጣ ሁለት እጁን ያዘው። ሰውየው ሳቀ፣ ውሃ ጠጣና ሄደ።

ይርዳው ሻንጣውን ከፍቶ መጀመሪያ ያወጣው መዝገበ ቃላቱን ነበር። ሰውየው ላደረገው ነገር ስም ሊፈልግለት ተቀመጠ። «ሪተርን» አነሰበት። ሪተርን የሚያደርግ ሰው በእጁ ያለውን ነው የሚመልሰው፤ ይሄ ሰውዬ ግን በእጁ የሌለውን፣ ያልወሰደውን፣ የማይመለከተውን ሄዶ አመጣ። ይርዳው ዳር ዳሩ የሻገተውን ገጽ እየላጠ ወደ ላይ ሲወጣ «ሪትሪቭ»ን አገኛትና ወደዳት። ከዚያ በኋላ ሰውየውንም ቃሏንም አንድ ላይ ነው የሚያስታውሳቸው።

ሁለቱ ዓመት ግን ሁለት ሆኖ አልቀረም። ሸዋነሽን አገባ፤ አማን መንገድ ላይ ቤት ሠራ፤ ሳባ ተወለደች። እናቱ ደብረ ታቦር ሆና «ልጄ ይመለሳል» እንዳለች ሞተች። ይርዳው ይህን ነገር ለማንም አያወራም።

ወደ ትምህርቱ ስንመጣ፣ ሚዛን ውስጥ ዘጠነኛ ክፍል የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። በዓመት አንድ ቀን፣ ምንባቡ ሲደርስ፣ ይርዳው ግራጫ ኮፍያውን ከራሱ ላይ ያወልቅና አንዲት ቃል ሳይተነፍስ በመስኮት ወደ ውጭ ይወረውራታል። ከመስኮቱ ሥር ቡና ተተክሏል፤ ከቡናው ወዲያ ሣሩና ኮረሪማው እስከ ጉድባው ድረስ ይወርዳል። ክፍሉ ይንጫጫል። «ኮፍያዬን ማን ያመጣልኛል?» ይላል። አንዱ ይሮጣል። ኮፍያዋን ይዞ ሲገባ ሰሌዳው ላይ «ሂድ፣ ፈልግ፣ አግኝ፣ አምጣ» ተብሎ ተጽፎ ይጠብቀዋል።

«አራቱም ካልተሟሉ ሪትሪቭ የለም» ይላል ይርዳው፣ ጠመኔውን እያወዛወዘ። «ሄዶ ያጣ ሰው ደከመ እንጂ ሪትሪቭ አላደረገም። ቁጭ ብሎ ያገኘ ዕድለኛ ነው እንጂ ሪትሪቭ አላደረገም።»

ሁልጊዜ ደግሞ አንድ ነገር ሊጨምር የሚፈልግ ተማሪ አይጠፋም። «ቲቸር፣ ለሰውስ ይባላል?»

«ለሰው አይባልም። ሰው እግር አለው፤ ከፈለገ በራሱ ይመለሳል። ሰው ሪተርን ያደርጋል። ሪትሪቭ እግር ለሌለው ነው።»

እውነቱን ለመናገር መዝገበ ቃላቱ እንዲህ አጥብቆ አይከለክልም። ጥብቅነቱ የይርዳው የራሱ ነው፤ አንዴ ከተናገረው ደግሞ ፍንክች አይልም።

ሳባ የገዛ አባቷ ተማሪ በሆነችበት ዓመት የአባቷን ኮፍያ ልታመጣ የሮጠችው እሷ ነበረች። ቆየች። ክፍሉ ጠበቀ፣ ይርዳው ሰዓቱን አየ፣ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ተጣራ። በመጨረሻ ኮፍያዋን በግራ እጇ ይዛ ስትገባ አንደኛው ጉንጯ አብጧል፤ የበሰለ ቡና ጎርሳ ጣፋጩን እየመጠጠች ነው።

«ምን አቆየሽ?» አላት፣ የአስተማሪ ድምፁን አውጥቶ።

«ስፈልጋት ነው ቲቸር።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ይርዳው ወደ ሰሌዳው ዞሮ የሚጽፍ መስሎ ቆየ፤ ትከሻው ግን ሲንቀጠቀጥ ከኋላ ይታይ ነበር። እቤት ገብቶም ለሸዋነሽ ደጋግሞ አወራላት፤ ልጅቷን እንደ ዓይኑ ብሌን ነበር የሚያያት።

እንግዲህ በ1996 ዓ.ም. ሳባ ዩኒቨርሲቲ ደረሳት። ቤቱ ሽር ጉድ ይል ጀመር፤ ይርዳው ያችን በጫካ ጠፍታ የተገኘች ሻንጣውን አወረደና ቆዳዋን በቅባት አሸት አሸት አደረጋት። ሳባ «ዘመድ ልሰናበት» ብላ ቴፒ ወረደች። በዚያው ቀረች። ቴፒ ውስጥ የቡና መፈልፈያ ማሽን የሚጠግን እንድርያስ የሚባል ወጣት ነበር፤ ቤተሰቦቹ ከከምባታ መጥተው እዚያው የኖሩ ካቶሊኮች ናቸው። ሳባና እሱ ከድሮ ጀምሮ ይዋደዱ ኖሯል። ዩኒቨርሲቲውን ትታ አገባችው።

ይርዳው ይህን የሰማው ከልጁ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ጮሆ፣ ተሳድቦ፣ ይወጣለት ነበር። የሰማው ግን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ነው። የአማርኛ አስተማሪው ታፈሰ፣ ምንም ክፉ ሳያስብ፣ የሻይ ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ «ጋሽ ይርዳው፣ እንኳን ደስ አለህ! ልጅ እንዲህ ድምፅ ሳይሰማ ይዳራል እንዴ?» አለው። ይርዳው ክው አለ። «አመሰግናለሁ» ብሎ ወጣና ዣንጥላውን ረስቶ እስከ ቤቱ ድረስ ዝናብ ሲወርድበት ሄደ። ያስቀየመው የእንድርያስ ሃይማኖትም፣ እጁን የሚያጠቁረው የማሽን ዘይትም አልነበረም። አልነገረችኝም ነው ያለው፤ እኔን አባቷን ሰው ነገረኝ።

ሽማግሌ ተላከ። ይርዳው በክብር አስቀመጣቸው፣ ምሳ አበላቸው፣ ከዚያ «የሄደችው በእግሯ ነው፤ በእግሯ ትመለስ» ብሎ አሰናበታቸው። ሳባ ደግሞ የማን ልጅ ሆነችና ነው! «ሽማግሌዬን የመለሰ አባት ደጅ ሳልጠራ አልቆምም» ብላ ቴፒ ላይ ተቀመጠች። ሁለቱም እርስ በርስ ሲጠባበቁ ጊዜው ነጎደ። እቤት ውስጥ ስሟን ማንሳት ተከለከለ። ይርዳው ግን የቴፒ መኪና ቤቱ አጠገብ ሲያልፍ ማንበቡን እንደሚያቆም ሸዋነሽ ታያለች።

የከተማው ሰው ጨዋታ አይለቅም። ጠጅ ቤት ቢገባ፣ ዕድር ላይ ቢቀመጥ፣ አንዱ ተነስቶ «ጋሽ ሪትሪቭ፣ እንግዲህ ልጅቷን ሪትሪቭ አድርጋት እንጂ!» ይለዋል።

«ለሰው አይባልም» ይላል ይርዳው፣ ፊቱን ሳያዞር። «ሰው እግር አለው።»

ሰዎቹ ይስቃሉ፤ እሱ አይስቅም። ያ የሚወደው ስሙ ይጎመዝዘው ጀመር። ተማሪዎቹም ገባቸው መሰለኝ፣ ፊት ለፊት ሲሆን «ቲቸር» ብቻ ይሉት ጀመር።

በ1999 ዓ.ም. ያ ምንባብ እንደ ልማዱ ደረሰ። ጠዋት ዘንቦ ያባራ ቀን ነበር። ይርዳው ትምህርቱን ሊዘለው አስቦ አፈረ፤ ኮፍያውን ወረወረ፤ አራቱን ቃላት ሰሌዳው ላይ ጻፈ። ከዚያ ማንም ሳይላክ በፊት «መጀመሪያ ስለ መመለስ፣ ስለ መምጣት የራሳችሁን ዓረፍተ ነገር ጻፉ» አለ። መክሊት የምትባል፣ ከፊት የምትቀመጥ፣ ስትሳሳት እንኳ ድምፅዋን የማትቀንስ ልጅ እጇን አውጥታ ተነሳችና አነበበች።

«ማይ ሲስተርስ አንሰር ኢዝ ኦን ሰንደይ። ማይ ፋዘር ቦውት አን ኦክስ ፎር ዘ አንሰር።»

የእህቴ መልስ እሑድ ነው፤ አባቴ ለመልሱ በሬ ገዛ ማለቷ ነው። እህቷ ተድራ ሙሽሮቹ የሚጠሩበት የመልስ ድግስ ነበራቸውና «መልስ»ን የጥያቄ መልስ አድርጋው አረፈች። ይርዳው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን እስኪጠርግ ድረስ ሳቀ። እንዲህ ከሳቀ ስንት ጊዜው!

«መክሊት፣ አንሰር ለጥያቄ ነው። ለጥያቄ በሬ አይታረድም፤ ቢታረድማ እኛ አስተማሪዎች ምን በወጣን!»

ክፍሉ አብሮት ሳቀ። መክሊት አልተቀመጠችም። «ታዲያ ምን ልበል ቲቸር? ሪተርን ልበል?»

«ሪተርንም አይሆንም። ሪተርን ካልሽ በራሷ ተመለሰች ማለት ነው። ሙሽራ እኮ በራሷ ተነስታ ለመልስ አትመጣም፤ ቤተሰቧ ጠርቶ ነው የሚያመጣት። እግር ቢኖራትም ካልጠሯት አትመጣም፤ እንዴት ብላ ትመጣለች? ደጁ የእነሱ ነው፣ ጥሪው የእነሱ...»

እዚህ ላይ አፉ ቆመ። ጠመኔው በእጁ እንደተያዘ ቀረ።

መክሊት የተማሪ ነገር ሆኖባት ጥያቄዋን ጨረሰች። «እንግዲያው ሪትሪቭ ነዋ ቲቸር? ለሰው ይባላል ማለት ነው?»

ሚዛን ትንሽ ከተማ ናት፤ ከዚያ ክፍል ውስጥ ቴፒ ስላለችው ሳባ ያልሰማ አንድም ተማሪ አልነበረም። መክሊትም ምን እንዳለች የገባት ያን ጊዜ ነው፤ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች። ከኋላ አንዱ ጭንቁን ለማሳለፍ «ቲቸር፣ ኮፍያዎን ላምጣ?» ብሎ ብድግ አለ።

«ተቀመጥ» አለው ይርዳው። ወጣ።

ተማሪዎቹ መስኮቱ ላይ ተደራረቡ። አስተማሪያቸው ሱሪውን ሳይሰበስብ እርጥቡ ቡና ውስጥ ገብቶ ጎንበስ ቀና ይላል። «ወደ ግራ ቲቸር!» «ከኮረሪማው ሥር!» ይሉታል። ኮፍያዋን ካገኛትም በኋላ ወዲያው አልተመለሰም፤ ጀርባውን ሰጥቷቸው ከቡናው መሀል ቆሞ ቆየ። ሲገባ ጫማው በጭቃ ተለውሷል፣ ከኮፍያዋ ውሃ ይንጠባጠባል።

«ይባላል» አለ፣ መክሊትን እያየ። «ለሰውም ይባላል። እስከ ዛሬ ተሳስቼ ነው ያስተማርኩት።»

እቤት ሲገባ ሸዋነሽ ጎመን ትከትፍ ነበር። ጫማውን አየች።

«የቴፒ ቅጥቅጥ ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?» አላት።

የሸዋነሽ ቢላዋ ቆመ። ቀና አላለችም። «ጠዋት አንድ ሰዓት። ከአማን በኩል የሚመጣው ይሻልሃል፤ ሾፌሩ ጥሩ ሰው ነው፣ ዕቃ አይጥልም።»

«አንቺ ይህን ከየት አወቅሽ?»

«በርበሬው ቶሎ ቶሎ የሚያልቀው እኔና አንተ በልተነው መስሎህ ነው?» አለችና አሁን ቀና አለች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «አንተ ሰውዬ፣ የልጅ ልጅ እኮ አለህ። ሔዋን ትባላለች። ጥርስ አውጥታለች።»

ይርዳው በርጩማው ላይ ቁጭ አለ። «ይህን ሳትነግሪኝ ትኖሪያለሽ?»

«ስሟን አታንሺብኝ አልከኝ። ስሟን ሳላነሳ ልጅ ወለደች ብዬ እንዴት ልንገርህ?»

«ለመልሱ በግ ይሻላል ወይስ ወይፈን?» ብሎ ጠየቃት። ሸዋነሽ መክተፊያውን ትታ ጌሾ ልትፈልግ ወደ ጓዳ ገባች፤ እዚያ ሆና ስታለቅስም ስትስቅም ይሰማው ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ቅጥቅጡ ውስጥ በመስኮት በኩል ተቀመጠ። የሚናገረውን እንደ ትምህርት አዘገጃጅቶታል። መጀመሪያ እንዲህ እላለሁ፣ ከዚያ እሷ ይህን ትለኛለች፣ ከዚያ እኔ ይቅርታ የሚለውን ቃል ሳልጠራ ይቅርታ መሆኑ በሚገባት መንገድ... ጫካው እያለቀ የቡና ማሳው ሲበዛ፣ ሙቀቱም እየበረታ ሲሄድ፣ ኮቱን አውልቆ ጭኑ ላይ አደረገ። እናቱ ትዝ አለችው። ስንት ዓመት ሙሉ «ይመለሳል» እያለች መንገድ ስታይ ኖረች፤ ከወንድሞቼ አንዱ መጥቶ እጄን ይዞ ቢጎትተኝ እሄድ ነበር አይደል ብሎ ራሱን ጠየቀ። ይሄድ ነበር። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ቴፒ ላይ የእንድርያስን ቤት ማግኘት አላስቸገረውም። «መፈልፈያ የሚጠግነው እንድርያስ» እንዳለ፣ አናናስ የምትሸጥ ሴት ነጠላዋን እያስተካከለች መንገዱን አሳየችው። «አማቱ ነዎት?» አለችው ደግሞ፣ ሳባን የሚመስል መልኩን አይታ። ይርዳው «ነኝ» ሲል ይህን አምኖ ሲናገር የመጀመሪያው መሆኑን ልብ አለ።

ግቢው በቁጥቋጦ የታጠረ ነው። ከአጥሩ ጥግ የተፈታታ ማሽን ተቆልሏል። ይርዳው በሩ አጠገብ ደርሶ እጁን ለማንኳኳት ሲያነሳ ከውስጥ ድምፅ ሰማ። ሳባ ናት፤ ልጇን «አፈር አይበላም አላልኩሽም?» እያለች ትቆጣለች፤ ቁጣዋ ሳቅ ሳቅ ይላል። ድምፅዋ ትንሽ ወፍሯል እንጂ ያው ነው። በመኪና ሲያጠናው የመጣው ንግግር ብን ብሎ ጠፋ። እጁ በሩ ላይ መድረስ አቃተው። ሊመለስም እግሩ እምቢ አለው።

እንግዲህ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ያረጀ ሰው እንዲህ ዓይነት ስህተት አይሠራም፤ ፈላጊው ሊያመጣ ነው የሚሄደው እንጂ ሊወረውር አይሄድም። ይርዳው ግን ሌላ ነገር አልመጣለትም። ኮፍያውን አወለቀና በአጥሩ ላይ አሳልፎ ወደ ግቢው ወረወራት።

የሳባ ድምፅ ቆመ። አንዲት ዶሮ ስትንጫጫ ተሰማ። ይርዳው ባዶ ራሱን ፀሐይ እየመታው ቆመ፤ ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል። የማያልቅ የመሰለው ጊዜ አለፈ። በመጨረሻ በሩ ሲጢጥ አለ።

ሳባ ልጇን አቅፋ ወጣች። ኮፍያዋ ሕፃኗ እጅ ላይ ናት፤ ሔዋን ጫፏን ነክሳ ሽማግሌውን አፍጥጣ ታየዋለች። ከኋላቸው እንድርያስ ዘይት በነካው እጁ ምን እንደሚያደርግ ግራ ገብቶት፣ ጎንበስ ብሎ ቆሟል። ሳባ አባቷን አየችው። ፀጉሩ ሸብቷል። እሷም የእሱ ልጅ ናትና እንባዋን ዋጠችው።

«ምን አቆየህ አባዬ?» አለችው።

ይርዳው ባዶ ራሱን ዳበሰ።

«ስፈልግሽ ነው» አላት።